ፓውዛ ማስገጠም የካምቢዮን ዋስትና ያሳጣል?

አዲስ መኪና የገዛ ሰው ከሻጩ ግቢ ሲወጣ ቁልፍና የዋስትና ደብተር ይዞ ይወጣል። ቁልፉ ከኪሱ አይጠፋም። ደብተሩ ግን ዳሽቦርድ ውስጥ ይገባና መኪናው እስኪበላሽ ድረስ የሚገልጠው የለም። የተበላሸ ቀን ደግሞ ደብተሩ ገና ሳይገለጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰማል፤ «መኪናው ተነካክቷል፤ ዋስትናው ወድቋል።»

ውድ የክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ዓረፍተ ነገር ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ደግሞ ስህተት መሆኑን ማሳየት ነው። ጉዳዩን የመረጥኩት ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። መኪናው የአጎቴ ነው፤ የነካካው ደግሞ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው

አጎቴ እህል ነጋዴ ነው። ከጎጃም ጤፍ ገዝቶ አዲስ አበባ ያስረክባል። ለዓመታት በሰው መኪና ሲንገላታ ቆይቶ በ2013 ዓ.ም. አንድ አዲስ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ገዛ። ትልቁን ጭነት አይሱዙ ተከራይቶ ነው የሚያመጣው፤ ፒክአፑ ከገበያ ገበያ ለመዞርና አንዳንድ ኩንታል ለማንሳት ነው። የዋስትናው ጊዜ 3 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ነበር።

በክረምት ጎሃ ጽዮን ላይ ጉም ሲወርድ የመኪናው መብራት አልበቃ አለው። ያኔ እኔ ሁለተኛ ዓመት ጨርሼ አንድ ጋራዥ ውስጥ ለተግባር ልምምድ ወጥቼ ነበር። «አንተ መኪና አይደል እንዴ የምትማረው? እስቲ ሁለት ፓውዛ ግጠምልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። ሰው አምኖ አዲስ መኪና ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

የሠራሁትን ሳልደብቅ ልናገር። ሁለት ባለ 100 ዋት ፓውዛ ባምፐሩ ላይ አሰርኩ። ኮረንቲውን የወሰድኩት የፊት መብራቱን ሽቦ ልጬ፣ ጠምዝዤና በናስትሮ ጠቅልዬ ነው። ሪሌይ አላስገባሁም። በመጀመሪያው ሌሊት ፊውዙ ተቃጠለ። የነበረው 15 አምፔር ነው፤ እኔ ግን 30 አምፔር አስገባሁበትና «ተስተካክሏል» ብዬ መለስኩለት።

ሂሳቡን አሁን እንሥራው። ሁለቱ የፊት መብራቶች እያንዳንዳቸው 55 ዋት ናቸው፤ ባንድ ላይ 110 ዋት። በ12 ቮልት ሲካፈል ወደ 9.2 አምፔር ይሆናል። ሁለቱ ፓውዛዎች 200 ዋት፣ ማለትም ወደ 16.7 አምፔር ይጨምራሉ። ድምሩ ወደ 26 አምፔር ነው። ሽቦውና ማብሪያው የተሠሩት ለ15 አምፔር ፊውዝ ነው። ፊውዙ ሲቃጠል ሥራውን ሠራ፤ እየነገረኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። የአንደኛ ዓመት ትምህርት ነው፤ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ፤ መኪና ላይ ግን ረሳሁት።

በ2015 ዓ.ም. መኪናው 41,000 ኪሎ ሜትር ላይ እያለ ሁለት ብልሽት ተከታትሎ መጣ። አንደኛው፣ የፊት መብራት ማብሪያው ሶኬት ቀለጠ፤ የፊውዝ ሳጥኑም ጥጉ ተለበለበ። ሁለተኛው፣ ካምቢዮው መጮህ ጀመረ። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ባዶ ላይ ሆኖ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ያጉረመርማል፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ጸጥ ይላል። የማኑዋል ካምቢዮ ኮርስ የወሰደ ሁሉ ይህ ምልክት መጀመሪያ ወዴት እንደሚጠቁም ያውቃል፤ ወደ መግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ነው።

ሁለቱንም ይዘን ወደ ሻጩ ድርጅት ሄድን። የሰርቪስ ኃላፊው ኮፈኑን ከፍቶ የእኔን ናስትሮ አየና መልሶ ዘጋው። «አባት፣ ሽቦው ተነካክቷል። ዋስትናው ወድቋል» አለ።

«ካምቢዮውስ?» አልኩ።

«ዋስትናው ወድቋል አልኩህ እኮ።»

ከመኪናው ሥር የገባ ሰው የለም። ድምጹንም ያዳመጠ የለም። አጎቴ ዝም ብሎ ደብተሩን ተቀበለ፤ ወደ እኔ ዞሮም አላየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለመሆኑ ዋስትና ምንድን ነው?

ዋስትና፣ በተለምዶ ጋራንቲ የምንለው፣ አምራቹ ወይም ሻጩ የሚገባው ቃል ነው። ቃሉም በአጭሩ «በማቴሪያል ወይም በአሠራር ጉድለት የሚበላሽ ነገር ካለ በዚህ ጊዜ ውስጥ በራሴ ወጪ እጠግናለሁ ወይም እለውጣለሁ» የሚል ነው። ስለዚህ ሁሉን አይሸፍንም። እንደ ፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን ሸራ ያሉ በሥራ የሚያልቁ ነገሮች፣ በአደጋ የሚደርስ ጉዳት፣ ዘይት በጊዜው ባለመቀየር የሚመጣ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ አይካተቱም። በማሻሻያ ምክንያት የሚመጣ ብልሽትም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናንብብ። የአጎቴን ደብተር ቤት ወስጄ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የሚለው «በማሻሻያ ምክንያት ለሚደርስ ብልሽት ዋስትናው አያገለግልም» ነው። «ማሻሻያ ከተደረገ ዋስትናው በሙሉ ይወድቃል» አይልም። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ሲሰሙ ይመሳሰላሉ እንጂ በመካከላቸው የአንድ ካምቢዮ ዋጋ አለ። የመጀመሪያው «ምክንያት» የሚል ቃል አለበት። ሁለተኛው የለበትም።

በእርግጥ ዋስትናን በሙሉ የሚያስቀሩ ነገሮችም በብዙ ደብተሮች ውስጥ ይገኛሉ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ መነካካት አንዱ ነው፤ ቆጣሪው ካልታመነ የዋስትናው ጊዜ ራሱ አይታወቅማ። በአደጋ ከጥቅም ውጭ ነው ተብሎ የተመዘገበ መኪናም ሌላው ነው። ፓውዛ ግን ከእነዚህ ተርታ አይመደብም።

የሕግ ተማሪ አይደለሁም። ሆኖም በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ማንም ማንበብ ይችላል። አንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል። አንቀጽ 2001 ደግሞ ስለ ማስረጃ ነው፤ ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳል፣ ግዴታው ቀርቷል የሚል ወገን ደግሞ የቀረበትን ምክንያት ያስረዳል። እንደ እኔ አረዳድ አጎቴ ደብተሩን ሲያቀርብ የራሱን ድርሻ ተወጥቷል። «ወድቋል» ያለው ወገን በምን ምክንያት እንደወደቀ ማሳየት ነበረበት። ኮፈን ከፍቶ መዝጋት ማስረዳት አይባልም።

ጥያቄው «ተነካክቷል ወይ?» ሳይሆን «ያበላሸው እሱ ነው ወይ?» ነው

በዚህ ሚዛን የአጎቴን መኪና እንመዝን። የቀለጠው ሶኬትና የተለበለበው የፊውዝ ሳጥን የእኔ ሥራ ውጤት ናቸው። ድርጅቱ እነዚህን አልጠግንም ቢል ትክክል ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልጠግንም። ካምቢዮው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ማኑዋል ካምቢዮ ላይ ያለው ሽቦ የኋላ ማርሽ መብራት ስዊችና የፍጥነት ሴንሰር ብቻ ነው። ኩሽኔታው በዘይት ውስጥ የሚሽከረከር ብረት ነው፤ የፊት መብራትን አያውቅም።

ሌሎች ምሳሌዎችም እንመልከት። ሬዲዮ ማስቀየር የፍሬንን ዋስትና አይነካም። ትልቅ ጎማና ሰፊ ቸርኬ ያስገባ ሰው የጎማ ኩሽኔታው ቢያልቅበት ግን ሻጩ ጥያቄ የማንሳት መብት አለው፤ ጭነቱ ከታሰበለት ቦታ ወጥቷልና። ባሌስትራ አስደርቦ ከአቅም በላይ የጫነ ሰው ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ቢጮህ «ጉድለቱ የፋብሪካ ነው» ለማለት ይከብደዋል። የሞተሩን ኮምፒዩተር ፕሮግራም አስቀይሮ ጉልበት ያስጨመረ ሰው ደግሞ ፒስቶን ቢቀልጥበት ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ አያስፈልገውም። ማርሚታ ያስቀየረ ሰው የመስኮት ሞተር ቢበላሽበት ግን የሚያገናኛቸው ነገር የለም። እንግዲህ መልሱ በየክፍሉና በየምክንያቱ ይለያያል ማለት ነው። «ተነካክቷል» የሚለው አንድ ቃል ለሁሉም አይበቃም።

ይህን ሐሳቤን ለአንድ መምህራችን ሳስረዳ ዝም ብለው አልተቀበሉኝም። «የፓውዛውን ኧርዝ የት አሰርከው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሞተሩ የኧርዝ ሽቦ ከላላ ወይም ከተበጠሰ ኮረንቲው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በኩሽኔታ ውስጥ ካለፈም ብረቱን ያቆስለዋል። ነገር ግን እኔ ኧርዙን ያሰርኩት ከባትሪው አጠገብ ቦዲው ላይ ነው፤ የሞተሩ ኧርዝም ደህና ነበር። በኋላ ካምቢዮው በግል ጋራዥ ሲፈታ እኔም ነበርኩ። ኮረንቲ የጎዳው ኩሽኔታ ጥቃቅን የቀለጡ ጉድጓዶች ወይም እንደ መሰላል የተደረደሩ መስመሮች ያሳያል። ይህኛው ግን የመሮጫው ብረት እንደ ቅርፊት ተነስቶ ነበር። ዘይቱ ልኩ ሙሉ ነው፤ የተቃጠለ ሽታም አልነበረውም። የፋብሪካ ጉድለት ነው ብዬ አልምልም። ፓውዛው እንዳልሆነ ግን እምላለሁ።

ልብ በሉ፣ መምህሩ ያነሱትን ጥያቄ የሰርቪስ ኃላፊው አንስቶት ቢሆን ኖሮ እኔ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ክርክራችን በምክንያት ላይ ይሆን ነበር፤ ብንረታም በእውቀት ነው የምንረታው።

ሌላ አገር እንዴት ፈቱት?

የሌላ አገር ሕግ እኛን አይገዛም። መርሁን ለማየት ያህል ግን አሜሪካንን እንመልከት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1975 የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ የሚባል ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት አምራች ለሸማች የሰጠውን ዋስትና «የእኔን ምልክት ዕቃ ብቻ ከተጠቀምክ» ወይም «እኔ ጋ ብቻ ካሠራህ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ማሰር አይችልም፤ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነጻ ካልሰጠ ወይም ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር።

ሕጉ ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮሚሽኑ የሰሜን አሜሪካውን ቢኤምደብሊው በሚኒ መኪኖቹ ጉዳይ ከሶ በስምምነት ጨርሷል፤ ክሱ ባለቤቶችን ዋስትናችሁ እንዳይቀር የእኛን ዕቃና የእኛን ነጋዴዎች ተጠቀሙ ብሏል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ለ6 ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሞተር ሳይክል አምራቹ ሃርሊ ዴቪድሰን የዋስትና ጽሑፉን እንዲያስተካክል ተደረገ።

ይህ ማለት ግን አሜሪካ ውስጥ እንደፈለጉ ቀጥቅጦ ካሳ መጠየቅ ይቻላል ማለት አይደለም። የፎልክስዋገን ግሩፕ ነጋዴዎች የሞተር ኮምፒዩተሩ ፕሮግራም እንደተቀየረ ሲያገኙ «ቲዲ1» የሚባል ምልክት በመኪናው መዝገብ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የሞተርና የካምቢዮ የዋስትና ጥያቄ ሊከለከል ይችላል። ይህም ቢሆን ከኃይል ማስተላለፊያው ጋር የተያያዘ ነው፤ የበር እጀታ ዋስትናን አያስቀርም። ያም ሆነ ይህ መነሻው ያው አንድ ቃል ነው፤ ምክንያት።

የሻጮች ክርክር

ሻጮችን በደፈናው መውቀስ ተገቢ አይደለም። እነሱ የሚሉት ይህን ነው። «የዛሬ መኪና እንደ ድሮው አይደለም። ኮምፒዩተሮቹ ካን በሚባለው መስመር እርስ በርስ ይነጋገራሉ። አንድ ሰው አላርም ሲገጥም የተሳሳተ ሽቦ ከቆረጠ አውቶማቲክ ካምቢዮው ሳይቀር ሊታወክ ይችላል። እኛ ደግሞ ለእያንዳንዱ መኪና ቀኑን ሙሉ ምርመራ ስናካሂድ መዋል አንችልም። ወጪውን አምራቹ አይከፍለንም።»

ክርክሩ እውነት አለበት። አውቶማቲክ ካምቢዮ ቢሆን ኖሮ እኔም በዚህ ልብ አልናገርም ነበር። ነገር ግን መኪናው በኮምፒዩተር የተሳሰረ ከሆነ የመመርመሪያ መሣሪያውም አብሮ አለ። ስካነር ተሰክቶ የስህተት ኮድና ስህተቱ ሲፈጠር የነበረው ሁኔታ ይነበባል። ስለዚህ «ሊሆን ይችላል» የሚለው ምርመራ ለመጀመር ምክንያት ነው እንጂ ምርመራውን ለመዝለል ምክንያት አይሆንም። ጊዜ የለንም የሚለውን በተመለከተ ደግሞ፣ ድርጅቱ መኪናውን ሲሸጥ ዋስትናውን እንደ አንድ ዕቃ አስተዋውቆ ነው የሸጠው። አጎቴ ዋጋውን የከፈለው ለብረቱ ብቻ አልነበረም።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

እስካሁን ስለ ሻጮች ብዙ ተናገርኩ። ዋናው መልእክቴ ግን ለእኛ ለራሳችን ነው። ከዚህ ክፍል ተመርቀን ስንወጣ ፓውዛ፣ አላርም፣ ካሜራ፣ ፖርቶመጋላ፣ ማርሚታ የምንገጥመው እኛው ነን። ደንበኛው የዋስትናውን ነገር አያውቅም፤ ማወቅ ያለብን እኛ ነን። እኔ አጎቴን «ደብተርህን አምጣ፣ መጀመሪያ እንየው» ብዬው ቢሆን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ጉዳዩ ከዚህ በኋላ እየከበደ ይሄዳል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነግሯል። የኤሌክትሪክ መኪና ዋናው ሀብት ባትሪው ነው፤ ብዙ አምራቾችም ለባትሪው 8 ዓመት ያህል ዋስትና ይሰጣሉ። በተጠማዘዘ ሽቦና በናስትሮ የሚያስከትለው ኪሳራ ከካምቢዮ ዋጋ በላይ ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ሽቦዎች ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለባቸው ናቸው፤ እዚያ ላይ የሚሞከር ልምምድ የዋስትና ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ለወርክሾፓችን ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። በዋስትና ላይ ያለ መኪና ወደ ወርክሾፑ ሲገባ መጀመሪያ ደብተሩ ይነበብ። ከፋብሪካ የመጣ ሽቦ አይላጭ፤ ኮረንቲ ከባትሪ በራሱ ፊውዝና በሪሌይ ይወሰድ። የተሠራው ሥራ በአንድ ገጽ ቅጽ ላይ ይመዝገብ፤ የት እንደተነካ፣ የፊውዙ መጠን ስንት እንደሆነ፣ ፎቶውና የሠራው ተማሪ ፊርማ ጭምር። ቅጂው ለባለ መኪናው ይሰጥ። ነገ ሻጩ «ተነካክቷል» ሲለው «አዎ፣ የተነካው ይህ ነው፣ ሌላው አልተነካም» ብሎ የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል። ለባለ መኪኖች ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። ዋስትናው ወድቋል ሲባሉ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ይጠይቁ። እኛ ጠይቀን አልተሰጠንም፤ ዘግይተን ነበር የጠየቅነው።

አጎቴ የሁለቱንም ጥገና ከኪሱ ከፈለ። ከ60 ሺህ ብር በላይ ነው የወጣው። የሽቦውን ሥራ እኔ ራሴ እንደገና ሠራሁት፤ ሪሌይ አስገባሁ፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከባትሪው በባለ 25 አምፔር ፊውዝ አወጣሁ፣ የፊት መብራቱን ፊውዝ ወደ 15 መለስኩት። ከሱ የሽቦው ሥራ ዕዳ አለብኝ፤ ደመወዝ ስይዝ እከፍለዋለሁ። የካምቢዮው ዕዳ ግን የእኔ አይደለም። የማን እንደሆነ ደብተሩ ላይ ተጽፏል።